ለፕለጊን ሐኪማችን ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ፎቶሾፕን አፕዴት ካደረጋችሁ በኋላ ፊልተር ሜኑ ውስጥ የነበሩት ፕለጊኖች (ፕሮግራሙ ላይ የሚጨመሩ ተጨማሪ መሣሪያዎች) ድራሻቸው ጠፍቶባችሁ ከሆነ፣ ወይም ፕሮግራሙ ሲከፈት መሃል ላይ ቀጥ የሚልባችሁ ከሆነ ይህ ጥቆማ ለእናንተ ነው። የስቱዲዮአችንን ኮምፒውተሮች ከርቀት ገብታ ያስተካከለችልንን እህታችንን በአደባባይ እናመሰግናለን። ሙገሳ ከመደርደር የሠራችውን ብንጽፈው ይሻላል።

«ሁሉንም አጥፍተሽ እንደገና ጫኚልን» ነበር ያልናት። እሷ አንድም ፋይል ሳትነካ ሺፍትን ተጭና ፎቶሾፕን ከፈተች። እንዲህ ሲከፈት «የሌሎች ድርጅቶችን ፕለጊኖች ልዝለላቸው?» የሚል ጥያቄ ያመጣል። አዎ አለችው፣ ያለ ችግር ተከፈተ። ጥፋቱ ከፕለጊኖቹ አንዱ ጋ እንደሆነ በዚሁ ታወቀ።

የትኛው ነው? ለዚህ የተጠቀመችበትን ዘዴ ማንም ሊሞክረው ይችላል። ፕለጊኖቹ በተቀመጡበት ፎልደር ውስጥ የግማሾቹን ስም ቀይራ ከፊታቸው የሞገድ ምልክት፣ ማለትም ቲልዴ (~)፣ ጨመረችበት። ፎቶሾፕ በዚህች ምልክት የሚጀምር ፋይልም ሆነ ፎልደር አይጭንም። ዘግቶ መክፈት ነው። አሁን ከሠራ ጥፋተኛው ምልክት ከተደረገባቸው መሃል ነው፤ ካልሠራ ከቀሩት። ያንኑ እንደገና ለሁለት መክፈል። 16 ፎልደር ቢኖር በ4 ዙር አንዱ ላይ ይደረሳል፣ የሚሰረዝም ነገር የለም። ከዚያ በኋላ ሄልፕ ሜኑ ውስጥ ካለው ሲስተም ኢንፎ የተጫኑትንና መጫን ያቃታቸውን ዝርዝር ኮፒ አድርጋ ላከችልን።

ምክንያቶቹ አንድ ብቻ አልነበሩም። አንዱ አሮጌ 8ቢኤፍ (የፎቶሾፕ ፕለጊን) ፋይል ለድሮዎቹ 32 ቢት ፕሮግራሞች የተሠራ ነበር፤ የዊንዶውስ ፎቶሾፕ ደግሞ ከ2019 እትም ወዲህ 64 ቢት ብቻ ስለሆነ ምንም ቢደረግ አይቀበለውም። የጠፉት ታሪካቸው ሌላ ነው። አዲስ እትም ሲጫን የራሱን ባዶ የፕለጊን ፎልደር ይዞ ይመጣል፤ «የድሮዎቹን እትሞች አጥፋ» የሚለው ሳጥን ምልክት እንዳለበት ከታለፈ የድሮው ፎልደር ከነፕለጊኖቹ ይሄዳል። ስለዚህ ነጠላ ፋይል የሆኑትን ፕለጊኖች ኮመን ፋይልስ ስር፣ አዶቤ፣ ፕለግ-ኢንስ፣ ሲሲ በሚለው የጋራ ፎልደር አስቀመጠችልን፤ እዚያ ያለውን የሚቀጥለው እትምም ያነበዋል። የራሳቸው ኢንስቶለር ያላቸውን ግን ኮፒ አላደረገችም። ፈቃዳቸውና ረዳት ፋይሎቻቸው ሌላ ቦታ ስለሚቀመጡ ኢንስቶለሩን እንደገና ማስነሳት ግድ ነው።

ተጭኖም ደብዝዞ አልነካ የሚል ፊልተር ሲያጋጥም ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፎቶው ነው። ብዙ ፕለጊኖች የሚሠሩት አርጂቢ በሚባለው የቀለም ዓይነት፣ አንዳንዶቹም በ8 ቢት የቀለም ጥልቀት ብቻ ነው። ኢሜጅ ሜኑ ውስጥ ሞድ የሚለውን ማየት፣ የተመረጠው ላየርም ባዶ አለመሆኑን ማረጋገጥ። ፊልተሩን በስማርት ኦብጀክት (ዋናውን ፎቶ ሳይነካ በሚያቆይ ላየር) ላይ ማድረግ በኋላ ለማስተካከል ይመቻል፤ ያ ፕለጊን በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ግን ቅንብሩን መነካካት አይቻልም። ፋይል ለሌላ ሰው የምትልኩ ይህን ልብ በሉ።

ማክ ላይ ለኢንቴል ብቻ የተሠራ ፕለጊን በአፕል ቺፕ እንዲታይ ፎቶሾፕን በሮዜታ (የኢንቴል ፕሮግራሞችን በአፕል ቺፕ በሚያስኬደው የማክ አስተርጓሚ) መክፈት ያስፈልጋል። እሷ ይህን የመጨረሻ አማራጭ ነው የምታደርገው፤ ለአንድ ፕለጊን ሲባል ፕሮግራሙ በሙሉ ይንቀረፈፋልና።

ሌላውን የአዶቤ የፎቶ ፕሮግራም፣ ላይትሩም ክላሲክንም አይታልናለች። እዚያ ፕለጊን የሚጨመረው ፋይል ሜኑ ውስጥ ባለው ፕለግ-ኢን ማኔጀር ሲሆን ፕሮግራሙ ፎልደሩን ካለበት ቦታ ነው የሚያነበው። ከዳውንሎድስ ጨምሮ በኋላ ዳውንሎድስን የሚያጸዳ ሰው ፕለጊኑን አብሮ ጠርጎ ይጥለዋል። (የኛም አንዱ እንዲሁ ነበር የሄደው።)

አንድ ነገር አስቀድማችሁ እወቁ፦ ክራክ የተደረገ (ፈቃዱ የተሰበረ) ፕለጊን አትጭንም፣ ብትለምኗትም። በ2016 በነፃ ተለቆ የነበረውን የኒክ ኮሌክሽን (የፎቶ ፕለጊኖች ስብስብ) አሮጌ እትም ይዞ የሚመጣም ብዙ ነው፤ ለአዳዲሶቹ ፎቶሾፖች አትመክረውም፣ ስብስቡን ከ2017 ጀምሮ የያዘው ዲኤክስኦ የተባለው ድርጅት ነውና አዲሱን እትም ከዚያ ውሰዱ ትላለች። ፈጣን ናት ለማለት አንደፍርም። በየሙከራው መሃል ዘግታ ትከፍታለች፣ ትመዘግባለች፤ እኛ ጋ ግማሽ ቀን ፈጅቶባታል። ስትጨርስ ግን የእያንዳንዱን ፕለጊን ስም፣ እትም፣ ያለበትን ፎልደርና የፈቃድ ቁጥሩ የተላከበትን ኢሜይል በአንድ ሠንጠረዥ አስረክባናለች።

አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ ፈቅዳልናለች። ከመደወላችሁ በፊት የፎቶሾፑን እትም፣ የዊንዶውሱን ወይም የማኩን ዓይነት፣ የፈቃድ ቁጥሮቹንና ችግሩ የሚታይበትን አንድ ፋይል አዘጋጁ። መጀመሪያ የምትጠይቀው እነሱን ነው።