የላፕቶፕ ግራፊክስ ወይስ የዴስክቶፕ? ድሬዳዋ ላይ ከመግዛትዎ በፊት

የግራፊክስ ቺፑ (ምስልና ጨዋታ የሚያሳየው ክፍል) ስሙ አንድ ቢሆንም ጉልበቱ ይለያያል። የዴስክቶፑ አርቲኤክስ 4070 (የኤንቪዲያ ሞዴል) 5,888 ኮር (ስሌት የሚሠሩ ጥቃቅን ክፍሎች) እና 12 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው፤ የላፕቶፑ 4,608 ኮርና 8 ጊጋባይት ብቻ። በአርቲኤክስ 4060 ግን ሁለቱም በኮርና በሜሞሪ መጠን እኩል ናቸው፤ በዋናነት የሚለያቸው ዋት (የሚሰጣቸው ኃይል) ነው። ላፕቶፑ እንደ አምራቹ ከ35 እስከ 115 ዋት ይሰጠዋል፤ ስለዚህ ሻጩን ከስሙ ይልቅ ዋቱን ይጠይቁ።

ሙቀት፦ የድሬ ቀትር ላፕቶፕን አይምርም። ቺፑ ሲግል ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል፣ ጨዋታውም ይንቀራፈፋል። ሐረር ላይ ትንሽ ይሻላል። ዴስክቶፕ ትልልቅ ማራገቢያ ስላለው ይችለዋል፣ አቧራው ከተጠረገለት።

መብራት ሲጠፋ፦ ላፕቶፕ በባትሪ ይቀጥላል፣ ግራፊክሱ ግን ይዳከማል። ዴስክቶፕ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ የባትሪ ሳጥን) ወዲያው ድርግም።

ማሻሻል፦ የዴስክቶፑ ካርድ ይቀየራል፤ የላፕቶፑ አብዛኛውን ጊዜ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው።

በድሬና በሐረር መካከል ለሚመላለስ ተማሪ ላፕቶፕ፣ ቤት ተቀምጦ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ዴስክቶፕ ይስማማል።