በቴክሳስ ሐምሌ የተፈተነው የሞተር መጋዝ፦ ስቲል ኤምኤስ 500አይ

በዳላስ ዙሪያ ዛፍ በመግረዝና በመቁረጥ ለሚተዳደር ሰው ከሐምሌ መግቢያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ያለው ጊዜ የዓመቱ ከባድ ወቅት ነው። አገር ቤት ዝናብ በሚያወርደው በዚህ ወር እዚህ በጥላ ሥር ያለው አየር እንኳ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ ሥራውም የሚበዛው ልክ በዚሁ ጊዜ ነው። በቴክሳስ የኦክ ዛፍን የሚያደርቅ የፈንገስ በሽታ ስላለ፣ የክፍለ ግዛቱ የደን መሥሪያ ቤት ከፌብሩዋሪ እስከ ጁን ኦክ እንዳይገረዝ ይመክራል፤ በሽታውን የሚያዛምቱት ጥቃቅን ጥንዚዛዎች ትኩስ ቁስል ፍለጋ በብዛት የሚወጡት በእነዚያ ወራት ነውና። ስለዚህ ደንበኞች ከፌብሩዋሪ ጀምረው ያቆዩት ኦክ ሁሉ በአንድ ጊዜ በትልቁ ሙቀት ይወድቅብናል። ስቲል ኤምኤስ 500አይን የምገመግመው በዚህ ሥራ ላይ ሦስት ሐምሌ ካሳለፍኩበት በኋላ ነው።

ስቲል የተባለው የጀርመን ኩባንያ ይህን መጋዝ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2019 ሲሆን፣ በኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ነዳጅ የሚረጭ የመጀመሪያው የሞተር መጋዝ ነው። ዘዴው ከዚያ ቀደም ብሎ ቲኤስ 500አይ በተባለው የኮንክሪት መቁረጫ ላይ ሥራ ላይ ውሎ ነበር። የሞተሩ ይዘት 79.2 ሲሲ፣ ጉልበቱ 5 ኪሎዋት፣ ክብደቱ ሰንሰለቱና መሪ ብረቱ ሳይጨመሩ 6.2 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። እነዚህ ቁጥሮች በደንብ የሚገቡት ከዚህ በፊት የዚሁ ኩባንያ ሌላ መጋዝ የሆነውን ኤምኤስ 661 ተሸክሞ ለዋለ ሰው ነው፤ 661 በጉልበቱ 5.4 ኪሎዋት ቢደርስም 7.4 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በመካከላቸው ያለው 1.2 ኪሎ ጠዋት ላይ አይታወቅም፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግን ትከሻና ወገብ ለይተው ያውቁታል።

የነዳጅ መርጨት ጥቅም እንዲታይ በመጀመሪያ ካርቡሬተር በሙቀት ምን እንደሚገጥመው መናገር ያስፈልጋል። አየር ሲሞቅ ይሳሳል። ጠዋት በቀዝቃዛው አየር የተስተካከለ ካርቡሬተር ከሰዓት በኋላ ለሳሳው አየር ያንኑ ያህል ቤንዚን መስጠቱን ስለሚቀጥል ሞተሩ ይታፈናል፣ ጭሱ ይበዛል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። ይህን ለማረም በቀትር የካርቡሬተሩን የነዳጅ ብሎን ያጠበበ ሰው፣ በማግስቱ ጠዋት አየሩ ቀዝቅዞ ሳለ ያደረገውን ረስቶ ሥራ ከጀመረ የባሰ ነገር ይገጥመዋል። በባለሁለት ምት ሞተር ውስጥ ማለስለሻው ዘይት የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ተቀይጦ ስለሆነ፣ ቤንዚኑ ሲያንስ ዘይቱም ያንሳል፤ ሞተሩ ከልክ በላይ ይሞቅና ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ይነካከሳል። በዚህ መንገድ የሞተ መጋዝ ተፈትቶ አይቻለሁ፤ የፒስተኑ ጎን በጭስ መውጫው በኩል በሚስማር የተጫረ ይመስል ነበር፣ ቀለበቱም ከቦታው ላይ ተጣብቆ አልላወስ ብሎ ነበር።

በ500አይ ላይ የሚጠብቅ ወይም የሚላላ የነዳጅ ብሎን የለም። ቮላኖው ሲዞር በሚያመነጨው ኤሌክትሪክ የሚሠራ መቆጣጠሪያ የሞተሩን ሙቀትና ግፊት እየለካ፣ ወደ ክራንክ ቤቱ ምን ያህል ቤንዚን እንደሚረጭ ይወስናል። ባትሪ አልተገጠመለትም፤ ሲነሣ የሚጎተት ቾክም የለውም። ጠዋት በ24 ዲግሪ የተነሣው መጋዝ ከሰዓት በኋላ በ39 ዲግሪ ሲሠራ በድምፁም ሆነ በጉልበቱ ልዩነት አይሰማኝም፤ ለእኔ የዚህ ማሽን ዋናው ምስጋና ይህ ነው። ቦዳርክ የሚባለውን፣ ውስጡ ቢጫ የሆነና እንደ ወይራ የጠነከረ ግንድ ስቆርጥ እንኳ ነዳጅ መስጫውን ስጫነው ሰንሰለቱ ወዲያው ይነሣል። ኩባንያው ሰንሰለቱ ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለመድረስ 0.25 ሴኮንድ እንደሚፈጅበት ይገልጻል፤ ቅርንጫፍ በመመልመል ሥራ፣ ማለትም በየሁለት ሴኮንዱ እየቆረጡ በሚለቁበት ጊዜ፣ ይህ ፍጥነት በቀኑ መጨረሻ በተጠናቀቀው ሥራ ብዛት ይታያል።

ችግር የገጠመኝ ሲቆርጥ ሳይሆን ዐርፎ ሲነሣ ነው፤ ምክንያቱም የራሴ አያያዝ ስለነበር በዝርዝር መናገር ይገባኛል። በመጀመሪያው ሐምሌ ከቀትር በኋላ አንድ ትልቅ ኦክ ስንከረክም ቆይተን፣ መጋዙን አጥፍቼ ፀሐይ በሚያነደው የመኪናው ብረት ላይ አስቀመጥኩትና ውኃ ልጠጣ ሄድኩ። ከዐሥር ደቂቃ በኋላ ተመልሼ ገመዱን ስስብ አልነሣም አለ። ደጋግሜ ሳብኩ፤ አንዴ ጉርር ብሎ ጠፋ። ክንዴ እስኪዝል ድረስ ታገልኩትና በመጨረሻ ሌላ መጋዝ ተሰጠኝ። ማታ በቀዝቃዛው ጋራዥ ውስጥ ግን በሁለተኛው ስበት ተነሣ። ይህ ነገር በሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ወደ አንድ መጠገኛ ወሰድኩት፤ ካንዴላውን ቀይረው ገንዘብ ተቀብለው መለሱልኝ፣ ችግሩ ግን እንደነበረ ቀጠለ። ስለ ነዳጁ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቁኝ መቅረታቸው እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱ ያለው እዚያው ጀሪካኑ ውስጥ ነበርና።

ቤንዚን አንድ ወጥ ፈሳሽ ሳይሆን የብዙ ነገሮች ድብልቅ ነው፤ ከውስጡ ቀለል ያሉት ክፍሎች በ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መፍላት ይጀምራሉ። ማጣሪያዎቹም በቀዝቃዛው ወራት የሚሸጠውን ቤንዚን ሞተር በብርድ በቀላሉ እንዲነሣ ይበልጥ የሚተን አድርገው፣ በሞቃቱ ወራት የሚሸጠውን ደግሞ ይበልጥ የማይተን አድርገው ያዘጋጁታል። እኔ ግን በሐምሌ የምጠቀመው በማርች የገዛሁትንና በመኪናው ጥቁር የዕቃ ሣጥን ውስጥ ያቆየሁትን ቅይጥ ነበር። መጋዝ ሲሠራ በቮላኖው ላይ ያለው ማራገቢያ ሲሊንደሩን ያቀዘቅዛል፤ ሲጠፋ ግን ማራገቢያው ስለሚቆም በሲሊንደሩ የታመቀው ሙቀት ወደ ዙሪያው ይዛመታል፣ የነዳጅ ቱቦውንና ፓምፑንም ያሞቃል። በቱቦው ውስጥ ያለው ቤንዚን ሲፈላ አረፋ ይሆናል፤ ፓምፑ ለፈሳሽ የተሠራ እንጂ ለእንፋሎት የተሠራ ስላልሆነ ወደ መርጫው የሚደርስ ነገር አይኖርም። ይህ በካርቡሬተር መጋዞችም ላይ የሚደርስ ችግር ነው። ልዩነቱ፣ የካርቡሬተር መጋዝ እየተንተፋተፈም ቢሆን አንዳንዴ በቾክ ሊነሣ ሲችል፣ መርጫው ግን ሊለካው የሚችለው ፈሳሽ ቤንዚን እስኪደርሰው ድረስ አይሠራም።

ነገሩ በዐይን የሚታይ መሆኑን የተረዳሁት በመጋዙ ጎን ያለችውን ግልጽ የነዳጅ መሳቢያ ላስቲክ ስመለከት ነው። ባልተነሣበት ቀን በአውራ ጣቴ ስጫናት ውስጧ በአረፋ ተሞልቶ ነበር፤ ከዐሥር ጊዜ በላይ ደጋግሜ ስጫናት አረፋው እየቀነሰ ሄዶ ጥርት ያለ ፈሳሽ ሞላት፤ ከዚያ በኋላ መጋዙ በሦስተኛው ስበት ተነሣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያለውን አሠራሬን ሙሉ በሙሉ ለውጫለሁ። ቤንዚኑን በየሁለት ሳምንቱ እገዛለሁ፣ ኢታኖል የሌለበት ሲገኝ እርሱን እመርጣለሁ፣ ቅይጡንም ለአንድ ሊትር 20 ሚሊ ሊትር ዘይት በሆነው በ50 ለ1 መጠን አዘጋጃለሁ። ጀሪካኑ ከመኪናው ሣጥን ወጥቶ ከዛፉ ጥላ ሥር ይቀመጣል። መጋዙንም ከከባድ ቁርጥ በኋላ በድንገት አላጠፋውም፤ አንድ ደቂቃ ያህል በሚኒሞ እንዲተነፍስ እተወዋለሁ፣ ከዚያም ጥላ ውስጥ ከመሬት ላይ አስቀምጠዋለሁ። ታንኩ ሊያልቅ ሲል ከማቆም ይልቅ ትንሽ ቀደም ብሎ መሙላትም ይረዳል፤ ጥቂት ቤንዚን ከብዙ ቤንዚን ይልቅ ቶሎ ይግላልና። ባለፉት ሁለት ሐምሌዎች በዚህ ምክንያት ሥራ ያቆምኩበት ቀን የለም።

እዚህ ላይ ከሥራ መስተጓጎል የከበደ ጉዳይ አለ። የሞቀ መጋዝ ታንክ በእንፋሎት ግፊት የተወጠረ ስለሆነ፣ ክዳኑ በድንገት ሲከፈት ቤንዚኑ እንደ ፏፏቴ ወደ ላይ ሊፈናጠር ይችላል። በአሜሪካ ምዕራብ የሰደድ እሳት የሚያጠፉ ሠራተኞች በዚህ መንገድ ተቃጥለዋል፤ ከዚህም የተነሣ በሥልጠናቸው ውስጥ ራሱን የቻለ ማስጠንቀቂያ ሆኗል። አደጋው የሚበረታው ሞተሩ ግሎ ሳለ ታንኩ ከግማሽ በላይ ሲሆን ነው፤ አልነሣ ያለ መጋዝ ላይ ተናድዶ ክዳኑን የሚከፍት ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ በዚሁ ሁኔታ ውስጥ ነው። ስለዚህ አብረውኝ ለሚሠሩት ልጆች በጥብቅ የምነግራቸው፣ መጋዙ እስኪበርድ እንዲጠብቁ፣ ክዳኑን ከፊታቸው አርቀው በጥቂቱ እያላሉ የሚወጣው እንፋሎት ድምፁ እስኪያቆም እንዲታገሡ፣ በአካባቢውም ሲጋራ የሚያጨስ ሰው እንዳይኖር ነው።

ስለ ቀሪው አካል ብዙ የምለው የለኝም። የአየር ፊልትሮው አቧራን በደንብ ይይዛል፤ ንዝረቱ እጅ አያደነዝዝም። በሲሊንደሩ ክንፎች መካከል የሚጠቀጠቀውን የኦክ ብናኝ ግን በየቀኑ ማታ በብሩሽ ማውጣት ግዴታ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ነዳጁን ቢያስተካክልም የተደፈነ ማቀዝቀዣን አይከፍትም። ዋጋው ከ1,500 ዶላር በላይ ስለሆነ በሳምንት አንድ ቀን ማገዶ ለሚቆርጥ ሰው አልመክረውም። ዕለት ዕለት ለሚሠራበትና የመጋዙን ብልሽት የሚለይ የኤሌክትሮኒክ መመርመሪያ ያለው ሻጭ በቅርቡ ለሚገኝለት ሰው ግን ያለማመንታት እመክረዋለሁ።

የመጨረሻው ነጥብ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፤ ጥያቄውን ያነሣብኝም በእንጅባራ ባሕር ዛፍና ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዓይነት የሚቆርጠው አጎቴ ነው። «አንተ ልጅ፣ ያችን ኮምፒዩተር ያላትን መጋዝ ላክልኝ እንጂ» አለኝ በስልክ። የእንጅባራ ችግር ሙቀት ሳይሆን ከፍታ ነው፤ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር ከጉልበቱ ወደ ሩብ የሚጠጋ ያጣል። ነዳጅ የሚረጨው መጋዝ ድብልቁን ለከፍታው ራሱ ያስተካክላል፤ የጠፋውን ጉልበት ግን ሊመልሰው አይችልም። በሌላ በኩል መለኪያው ወይም መርጫው አንድ ቀን ቢበላሽ ጥፋቱ የሚታወቀው ከመጋዙ ጋር በሚገናኝ የመመርመሪያ መሣሪያ ሲሆን፣ መለዋወጫውም ከመንደር ሱቅ አይገኝም። «ጋሼ፣ እሷ ብትታመም ሐኪሟ እዚያ የለም» አልኩት። እርሱም ትንሽ ዝም ብሎ፣ «እንግዲያውስ በካቻቢቴ የምትድነውን ላክልኝ» አለኝ። የላክሁለት ባለ ካርቡሬተር መጋዝ ነው፤ ከእርሱም ጋር ሁለት ካንዴላ፣ አንድ ተጨማሪ የአየር ፊልትሮ፣ የካርቡሬተሩን ስስ ላስቲኮችና ብሎኑን ለደጋው አየር እንዴት እንደሚያስተካክል በእጄ የጻፍኩለትን አንድ ገጽ ወረቀት ጨምሬለታለሁ።