ትሬቲኖይን፣ አዳፓሊን ወይስ ሬቲኖል? ቱቦውን ከመግዛታችሁ በፊት

ሦስቱም ከቫይታሚን ኤ ቤተሰብ የሆኑ፣ ለብጉርና ለመጨማደድ ፊት ላይ የሚቀቡ ናቸው። መድኃኒት ቤት ውስጥ ስለምሠራ የትኛው ይሻላል የሚለው ጥያቄ ሳይመጣ የሚያልፍ ሳምንት የለም። አንዲት ወጣት ስልኳን አውጥታ ሁለት ፎቶ ታሳየኛለች። አንዱ አሜሪካ ያለችው እህቷ ልትልክላት ያሰበችው ቱቦ ነው፤ ሌላው ጓደኛዋ እዚህ የምትቀባው ክሬም። «ሁለቱም ቫይታሚን ኤ ናቸው አሉኝ፤ ጠንካራው የቱ ነው?» ትለኛለች። እኔ ግን አስቀድሜ ሌላ ነገር እጠይቃታለሁ። የሚያስቸግርሽ ብጉር ነው? ብጉሩ ድኖ የተወው ጥቁር ምልክት ነው? ማድያት ነው? ወይስ መጨማደድ የጀመረ ቆዳ? የትኛው እንደሚገዛ የሚወስነው ይህ መልስ ነው።

ጥንካሬን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በፐርሰንቱ ነው። አንዱ ቱቦ ላይ «ሬቲኖል 1%» ተጽፏል፣ ሌላው ላይ «ትሬቲኖይን 0.025%»። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ሬቲኖሉ አርባ እጥፍ የበረታ ይመስለዋል፤ እውነታው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ቆዳ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ሬቲኖይክ አሲድ ነው፤ ትሬቲኖይን ማለት ደግሞ ራሱ ሬቲኖይክ አሲድ ነው፣ የሚጠብቀው ለውጥ የለም። ሬቲኖል ግን መጀመሪያ ወደ ሬቲናልዴሃይድ፣ ከዚያ ወደ ሬቲኖይክ አሲድ መለወጥ አለበት፤ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ከተቀባው ጥቂቱ ነው። በብዙ ርካሽ ክሬሞች ላይ የምታዩት ሬቲኒል ፓልሚቴት ከሬቲኖልም አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ፐርሰንት የሚነጻጸረው በአንድ ዓይነት ንጥረ ነገር መካከል ብቻ ነው፦ ትሬቲኖይን 0.025 ከትሬቲኖይን 0.05 ጋር፣ ሬቲኖል 0.3 ከሬቲኖል 1 ጋር።

አዳፓሊን ከሁሉም ለየት ይላል። በላቦራቶሪ የተሠራ ነው፤ መለወጥ ሳያስፈልገው ሬቲኖይክ አሲድ በሚሠራበት መንገድ ይሠራል። ብርሃን ቶሎ አያበላሸውም፣ ቆዳንም በአብዛኛው ከትሬቲኖይን ያነሰ ያቃጥላል። በአሜሪካ እስከ 2016 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ያለ ማዘዣ አይሸጥም ነበር። በዚያ ዓመት የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር 0.1 ፐርሰንቱን ጄል ዕድሜያቸው 12 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች ያለ ማዘዣ እንዲሸጥ ፈቀደ፤ 0.3ቱ ግን አሁንም በማዘዣ ነው። እህት ከዚያ ገዝታ የምትልከው «ዲፈሪን» የሚባለው ይኸው ነው። እንግሊዝ አገር ለሚኖር ሰው ግን ያው መድኃኒት የሐኪም ማዘዣ ይጠይቃል። ስለዚህ «ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ደካማ ነው» የሚለው አባባል አያስኬድም፤ አዳፓሊን የተፈተነ የብጉር መድኃኒት ነው።

ችግራችሁ ብጉር ከሆነ፣ በተለይ ነጫጭና ጥቋቁር ፍሬዎች የበዙበት፣ የእኔ ምርጫ ያለ ጥርጥር አዳፓሊን 0.1 ነው። ጎን ለጎን በተነጻጸሩበት ጥናት ከትሬቲኖይን 0.025 ጄል የማያንስ ውጤት ሰጥቷል፣ የቆዳ መቆጣቱም ቀንሷል። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ከሚባለው ሌላ የሚቀባ የብጉር መድኃኒት ጋር አብሮ መጠቀምም ይቻላል፤ ብዙዎቹ የትሬቲኖይን ዓይነቶች ግን ከዚያ ጋር አንድ ላይ ሲቀቡ ይበላሻሉ፣ አንዱን ጠዋት ሌላውን ማታ ማድረግ ግድ ይሆናል። ለብጉር ውድ የሬቲኖል ሴረም መግዛት ግን ገንዘብ ማባከን ነው ብዬ ፊት ለፊት እናገራለሁ። ያማረ ጠርሙስ ብጉር አያድንም።

በፀሐይ ለተጎዳና ለተጨማደደ ቆዳ ግን ትሬቲኖይን ይቀድማል። በአሜሪካ ለብጉር የጸደቀው በ1971 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ በ1990ዎቹ ደግሞ ለጥቃቅን መጨማደድና ለፀሐይ ምልክት ተፈቀደ። በዚህ ረገድ የእሱን ያህል ዘመን የተጠና የሚቀባ መድኃኒት አላውቅም። ዋጋው ግን በብር ብቻ አይከፈልም፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መቅላት፣ መላላጥና ማቃጠል አላቸው። ሐኪም ያስፈልጋል የምንለውም ለዚህ ነው፤ መጠኑን የሚመርጥ፣ ቆዳው ሲቆጣ አቁሙ ወይም ቀንሱ የሚል ሰው ሊኖር ይገባል። ቆዳው ቶሎ የሚቆጣ ወይም ቀለል ያለ ለውጥ ብቻ የሚፈልግ ሰው በሬቲኖል ወይም በሬቲናልዴሃይድ ቢጀምር አይሳሳትም፤ ውጤቱን የሚያየው ግን ዘግይቶ ነው። ሬቲኖልም ቢሆን ያለ ገደብ የሚቀባ አይደለም፤ የአውሮፓ ኅብረት በፊት ቅባቶች ውስጥ ከ0.3 ፐርሰንት እንዳይበልጥ ወስኗል።

ስለ እኛ ቆዳ ትንሽ ልቆይበት። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ መቆጣት ራሱ ጥቁር ምልክት ጥሎ ይሄዳል። ምልክት ለማጥፋት ብላ ከመጀመሪያው ቀን ጠንካራውን በየማታው የተቀባች ሴት ከሁለት ወር በኋላ ከበፊቱ የባሰ ምልክት ይዛ ስትመጣ አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም መድኃኒቱ ትክክል ነበር፣ ችኮላው ነው የጎዳት። ለእኛ ቀስ ያለው መንገድ ነው ፈጣኑ። ደግሞ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ቢቀዘቅዝም ፀሐይዋ ብርቱ ናት። መለኪያው (SPF) 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ የማይቀባ ሰው ከሦስቱ የትኛውንም ባይገዛ ይሻለዋል። ማድያት ላለበት ሰው ይህ በእጥፍ እውነት ነው።

አጥብቄ የምጠላው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ለማድያት ተብለው የሚሸጡት ሦስት መድኃኒት በአንድ የተቀላቀለባቸው ክሬሞች። ቆዳ የሚያነጣው ሃይድሮኪኖን፣ ትሬቲኖይንና መቆጣትን የሚያበርደው ስቴሮይድ አንድ ላይ ናቸው። ሐሳቡ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ የቆዳ ሐኪም ለተወሰኑ ሳምንታት ሲያዝዘውና ሲከታተለው ይሠራል። ችግሩ ሰው «ፊቴን አጠራልኝ» ብሎ ለወራት፣ አንዳንዱም ለዓመታት መቀባቱ ነው። ስቴሮይዱ ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ደም ሥሮችን ያሳያል፣ ብጉር ያወጣል፤ ሲቆም ደግሞ ፊቱ ይቀላል፣ ያቃጥላል። ስለዚህ «ትሬቲኖይን አለበት» ስትባሉ አብሮት ምን እንዳለ አንብቡ። ሞሜታሶን፣ ቤታሜታሶን፣ ክሎቤታሶል ወይም ፍሉኦሲኖሎን የሚል ካያችሁ ስቴሮይድ ነው። በባዶ ዕቃ ተሞልቶ ስም፣ ቀንና አምራች ሳይጻፍበት የሚሸጠውን ድብልቅ ደግሞ ጭራሽ አትንኩት።

እርጉዝ የሆነች፣ ለማርገዝ ያሰበች ሴት ከእነዚህ ሁሉ ትራቅ፤ ሬቲኖሉንም ጨምሮ። ቆዳ አልፎ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ቢሆንም፣ በአፍ የሚወሰደው የዚሁ ቤተሰብ መድኃኒት አይሶትሬቲኖይን በፅንስ ላይ ከባድ ጉዳት እንደሚያደርስ ስለሚታወቅ በፅንስ ላይ መሞከር የለም። በዚያ ጊዜ ለብጉር አዜላይክ አሲድ ስለመጠቀም ሐኪሟን ትጠይቅ።

አንዲት እናት ደግሞ «ለልጄ በየስድስት ወሩ በዘመቻ የሚሰጠው ቫይታሚን ኤ ፊት ላይ ቢቀባስ?» ብላኝ ነበር። ያ በጉበት ውስጥ ተከማችቶ ልጁን ከዓይን ጉዳትና ከበሽታ እንዲጠብቅ የሚሰጥ ነው፤ ለፊት የተሠራ አይደለም። ቫይታሚን ኤ ክኒን ገዝቶ ለቆዳ ብሎ መዋጥም አይገባም፤ ሲበዛ ጉበት ይጎዳል።

የትኛውንም ገዛችሁ አቀባቡ አንድ ነው። ማታ፣ ፊት ታጥቦ በደንብ ከደረቀ በኋላ፣ ለመላው ፊት የአተር ፍሬ የምታህል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ማታ ብቻ፤ ቆዳው ከለመደ መጨመር ይቻላል። የከንፈርና የአፍንጫ ጥግ፣ የዓይን ዙሪያ ላይ አስቀድማችሁ ቫዝሊን ቀቡ። ቅንድባችሁን ወይም የፊት ጸጉራችሁን በሰም የምታስነሱ ከሆነ ከዚያ በፊት ለተወሰኑ ቀናት አቁሙት፤ ቆዳው አብሮ ሊላጥ ይችላል። ሎሚ መቀባትና በስኳር ማሸትም ይቅር።

በመጀመሪያው ወር ብጉሩ ሊብስ ይችላል፤ ብዙ ሰው የሚያቆመውም ያኔ ነው። የብጉር ውጤት በ8ኛውና በ12ኛው ሳምንት መካከል ይታያል፣ የመጨማደድ ደግሞ ወራት ይወስዳል። ያቺን ወጣትም ችግሯ ብጉር ስለሆነ የእህቷን አዳፓሊን እንድትጀምር ነገርኳት። የጀመረችበትን ቀን ቱቦው ላይ ጻፍኩላት፤ ዛሬ በመስኮት ብርሃን አንድ ፎቶ እንድትነሳና 12 ሳምንት ሲሞላት እዚያው መስኮት ሥር ሌላ እንድትነሳ አልኳት። ጥልቅ፣ የሚያምና ጠባሳ የሚተው እብጠት ካወጣች ግን 12 ሳምንቱን ሳትጠብቅ የቆዳ ሐኪም ዘንድ እንድትሄድ ነው የመከርኳት፤ ያን ዓይነቱን ብጉር የሚቀባ ቱቦ ብቻውን አያቆመውም።