ባለ ካርድ ቆጣሪ በቤት ቀያሪ ዓይን

የአዲስ አበባ ተከራይ የሚገጥመው የመብራት ቆጣሪ በብዛት ሁለት ዓይነት ነው፤ በየወሩ ተነቦ ቢል የሚወጣለት የድህረ ክፍያ ቆጣሪ እና አስቀድሞ የሚሞላ ባለ ካርድ ቆጣሪ። እዚህ የሚመዘነው ባለ ካርዱ ነው። ሚዛኑም አንድ ብቻ ነው፤ ውዝፍ ኖሮበት ቤት ለሚለቅ፣ ወይም ሌላ ሰው ያስቀመጠው ውዝፍ ያለበት ቤት ለሚገባ ተከራይ ምን ይጠቅመዋል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ውዝፉ የሚመዘገበው በውል ቁጥሩ ላይ ነው፤ ውሉ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በአከራዩ ስም ነው። በድህረ ክፍያ ቆጣሪ የቀድሞው ተከራይ የሦስት ወር ቢል ሳይከፍል ቢወጣ፣ መብራቱ የሚቆረጠው ገና ዕቃውን ፈትቶ ባልጨረሰው በአዲሱ ሰው ላይ ነው። ባለ ካርዱ ይህን በር ይዘጋል፤ ያልተሞላ አያበራም፣ የፍጆታ ዕዳም አይጠራቀምም። ለተከራይ ከሁለቱ የሚመረጠው እሱ ነው። የቆጣሪ አንባቢ ግምትም የለበትም።

ግን «ካርድ ነው፣ ዕዳ የለበትም» የሚለውን የደላላ ወሬ እንዳለ አይውሰዱ። ወርሃዊው የአገልግሎት ክፍያ ሳይሞላ በቀረባቸው ወራትም ይቆጠራል። ቤቱ አራት ወር ባዶ ከቆየ፣ የመጀመሪያው ሙሌት የአራቱንም ወር ክፍያ ቆርጦ የቀረውን ብቻ ወደ ኪሎዋት ሰዓት ይለውጣል። ሰው ያኔ ቆጣሪው ተበላሸ ይላል፤ ደረሰኙን ቢያነበው የተቆረጠውን ያገኘዋል። ስለዚህ ቁልፍ ከመረከብዎ በፊት አከራዩ በራሱ ገንዘብ ትንሽ እንዲሞላና ደረሰኙን እንዲያሳይዎት ይጠይቁ። ቆጣሪው ከድህረ ክፍያ የተቀየረ ከሆነ ደግሞ የአሮጌው ውል የመጨረሻ ደረሰኝ ይታይ።

ሌላው ድክመቱ ካርዱ ራሱ ነው። የሚሠራው ለተመዘገበበት ቆጣሪ ብቻ ስለሆነ የጎረቤት ካርድ አያድንም። ሲጠፋ ምትክ የሚጠየቀው በውሉ ባለቤት በኩል ነው፤ አከራዩ ውጭ አገር ከሆነ መከራ ነው። ካርዱን አስገብተው አልነበብ ካለ ቺፑን በደረቅ ጨርቅ ጠርገው፣ አቅጣጫውን አይተው እንደገና ያስገቡት፤ አንብቦ ሳይጨርስ መንቀል የተለመደው ስህተት ነው። ለበዓል ዋዜማም ሳይሆን ቀደም ብሎ መሙላት ነው፤ የዶሮው ወጥ ምድጃ ላይ ሳለ ሂሳብ ማለቁ አያስቅም።

የባሰው ግን አንድ ቆጣሪ ለብዙ ተከራይ የሆነበት ግቢ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሁለት ሁለት ሰዓት የሚጋግር ቤት በሳምንት 14፣ በአራት ሳምንት 56 ኪሎዋት ሰዓት በምጣድ ብቻ ያቃጥላል። እንዲህ የሚጋግሩ አራት ቤቶች በአንድ ቆጣሪ ሲሆኑ 224 ይደርሳሉ። ታሪፉ በእርከን የሚወጣ ነው፤ ፍጆታው ሲበዛ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል፤ በወር ከ200 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ሲሆን ደግሞ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይመጣል። ለየብቻቸው ቢሆኑ በምጣድ ብቻ አንዳቸውም እዚያ አይደርሱም ነበር። «ተራ በተራ እንሙላ» የሚባለውም ጋጋሪውን ጠቅሞ ሻይ ብቻ የሚያፈላውን ይጎዳል። የሚያዋጣው ለየቤቱ ትንሽ ቆጣሪ አስገብቶ፣ የተከፈለውን ብር ለጠቅላላው ኪሎዋት ሰዓት አካፍሎ በየድርሻው ማባዛት ነው። የግቢ መብራትና የውሃ ፓምፕ ለብቻ ይካፈላሉ።

ውሃ ግን ካርድ የለውም፤ ባለ ካርድ መብራት ያለው ቤትም የውሃ ውዝፍ ሊኖርበት ይችላል። የደንበኛ ቁጥሩን ከአከራዩ ተቀብለው ያልተከፈለ ካለ ያጣሩ። ከዚያ ሁሉንም ቧንቧ ዘግተው የቆጣሪዋን ትንሽ መዘውር ይመልከቱ፤ ከዞረች የሚያፈስ ቦታ አለ። ይህን የሚያደርጉት በፈረቃ ውሃ በሚመጣበት ቀን፣ ሮቶው ሞልቶ ተንሳፋፊው ከዘጋ በኋላ ነው። ሮቶው ገና እየሞላ ከሆነ መዘውሯ ያለ ፍሳሽም ትዞራለች።

ውዝፍ ይዞ የሚወጣው ተከራይ እርስዎ ከሆኑ፣ ከመውጣትዎ በፊት ከአከራዩ ጋር ቆጣሪው ፊት ቆማችሁ ንባቡን ፎቶ አንሱ። ቢሉ የሚሸፍነው የእርስዎን ወራት ብቻ መሆኑን አይታችሁ ድርሻችሁን ለዩ። ከቅድሚያ ክፍያው የሚቀነስ ከሆነ የተቀነሰው ብር፣ የቆጣሪ ቁጥሩና ቀኑ በጽሑፍ ይስፈር። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ መጠየቅ አይችልም፤ ውሉም በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። የመግቢያ ቀን የመብራትና የውሃ ንባብ እዚያው ውል ላይ አንድ መስመር ቢይዝ፣ ስትወጡ የማን ወር እንደሆነ የሚያከራክር ነገር አይኖርም። አከራዩ «እኔ እከፍለዋለሁ» ብሎ ገንዘቡን በእጁ ከተቀበለ፣ የከፈለበትን ደረሰኝ ሳያዩ ቁልፉን አያስረክቡ።