የአሮጌ ሞተር ቆጣሪ ሲዋሽ፦ ካቦ፣ ጥገና፣ አዲስ ወይስ ኤሌክትሮኒክ?

የአሮጌ ሞተር ሳይክል የፍጥነት ቆጣሪ መርፌ 60 ላይ ሲወራጭ ወይም ከዜሮ አልነሳ ሲል ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ «ቆጣሪው ሞቷል፣ አዲስ ልግዛ» ነው። ብዙ ጊዜ ግን አልሞተም። በአንድ የቆጣሪ ቤት ውስጥ ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች እንዳሉ ማወቅ ያልተፈለገ ወጪ ያስቀራል። የተጓዘውን ኪሎሜትር የሚቆጥሩት ቁጥሮች የጎማውን ዙር ወደ ቆጣሪው ከሚያደርሰው ሽቦ፣ ከካቦው፣ ጋር በጥርስ ስለተያያዙ ወይ በልኩ ይቆጥራሉ ወይ ይቆማሉ። መርፌው ግን ካቦውን አይነካውም። ካቦው ማግኔት ያሽከረክራል፤ ማግኔቱ ሳይነካት በላዩ በተደፋች የአሉሚኒየም ኩባያ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጥራል፤ ኩባያዋ ተከትላው ልትዞር ስትል እንደ ፀጉር የቀጠነ ሞላ ይይዛታል። መርፌው የሚያሳየው የዚህን ጉተታ ልክ ነው። ማግኔቱ ሲደክም፣ ሞላው ሲዛባ ወይም ኩባያዋ ዘይት ሲነካት የሚዋሸው እሱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከግዢ በፊት የስልክ ጂፒኤስ ከፍተው 10 ኪሎሜትር ይንዱ። ቁጥሮቹ ስንት እንደጨመሩ ይጻፉ። በጂፒኤስ 40 እና 60 ላይ ፍጥነትዎን አርግተው መርፌው ስንት እንደሚል ከኋላ የተቀመጠ ሰው ያንብብልዎ። ቁጥሮቹ 10 ብለው መርፌው 60ውን 50 ካለ ጥፋቱ ከቆጣሪው ውስጥ ነው። ቁጥሮቹ 9፣ መርፌውም 54 ካሉ ግን ቆጣሪው ጤነኛ ነው፤ የሚደርሰው ዙር ነው የተሳሳተው። ከፋብሪካው የሚበልጥ ጎማ ገብቷል፣ ወይም ሞዞው (የጎማው እምብርት) ላይ ያለው ማርሽ የሌላ ሞዴል ነው። ይህን ቆጣሪ ከፍቶ ማስተካከል ጤነኛውን ማሳመም ይሆናል። ሁለቱም ከቆሙ ካቦው ወይም ማርሹ ነው። ቁጥሮቹ ቆመው መርፌው ከሠራ በውስጥ ያለች ትንሽ ጥርስ ከዘንጓ ላይ ላልታለች ወይም የደረቀ ግራሶ ይዟታል።

ካቦ ብቻ መቀየር

መርፌው በዝቅተኛ ፍጥነት የሚወዛወዝ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ካቦው ነው፤ ከምርጫዎቹ ሁሉ ርካሹም እሱ ነው። ከቆጣሪው ስር ያለውን ዳዶ ፈትተው የውስጡን ሽቦ ይምዘዙና ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ያንከባሉት። እየዘለለ ከተንከባለለ ታጥፏል፤ አይቃናም። ቀጥ ብሎ ከተንከባለለ ወደ ሽፋኑ ይመልሱትና አንዱን ጫፍ በጣት ያዙሩ። ሌላኛው ጫፍ እኩል መከተል አለበት። ጥቂት ቆይቶ ዘለል የሚል ከሆነ መርፌዎን የሚያወራጨው ያ ዝላይ ነው።

ጤነኛውን ሽቦ በቤንዚን አጥበው ስስ ግራሶ ይቀቡት፤ ወደ ቆጣሪው የሚገባውን የላይኛውን 15 ሴንቲሜትር ያህል ግን ደረቅ ይተዉት። ሽቦው ጠምዛዛ ስለሆነ ሲዞር ግራሶውን ወደ ላይ እየገፋ ቆጣሪው ውስጥ ያስገባዋል። ማግኔቱና ኩባያዋ መካከል የገባ ግራሶ ሁለቱን ያጣብቃል፤ መርፌው በ30 ኪሎሜትር ፍጥነት 120 ላይ ተወንጭፎ ይቀራል፣ ሞላውም ይጠማዘዛል። ብዙ ደህና ቆጣሪ የሚሞተው «ካቦውን ደህና አድርጌ ግራሶ አጠጣሁት» ባለ ሰው እጅ ነው።

አዲስ ካቦ ሲገዙ የሽፋኑን ርዝመት ብቻ አይለኩ። የውስጡ ሽቦ ከጫፍ ስንት ሚሊሜትር ይወጣል? ከድሮው ከረዘመ ዳዶውን ሲያጠብቁ የማግኔቱን ዘንግ ወደ ላይ ገፍቶ ከኩባያዋ ጋር ያፋጨዋል። የጫፉ ቅርጽም (አራት ማዕዘን ወይም ምላስ መሰል) እና የዳዶው ጥርስ መግጠም አለባቸው። በብዙ የጃፓን ሞተሮች ዳዶው 12 ሚሊሜትር፣ ቪዲኦ (VDO) በተባለው የአውሮፓ ኩባንያ ቆጣሪዎች 18 ሚሊሜትር ነው።

ራስዎ ከፍተው መጠገን

ይህ የሚያዋጣው የቁጥሮቹ ቆጠራ ልክ ሆኖ መርፌው ሲዋሽ ወይም መስታወቱ ውስጥ እርጥበት ሲገባ ነው። መስታወቱን የያዘው ቀለበት በቆጣሪው ቤት ላይ የታጠፈ ቆርቆሮ ነው። በደነዘ ትንሽ ካቻቢቴ ዙሪያውን በየ5 ሚሊሜትሩ ጥቂት ጥቂት እያነሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ይዙሩት። በአንድ ጊዜ ካነሱት ይሰነጠቃል።

አሁን መርፌውን ለመንቀል አይቸኩሉ። ዜሮ ላይ የሚያቆማትን ትንሽ እሾህ ይመልከቱ። መርፌዋን በጣት ጫፍ ትንሽ ቀና አድርገው ከእሾኋ በላይ ያሳልፏትና ይልቀቋት። ሞላው ነፃ ሲሆን ከዜሮ በታች የሆነ ቦታ ላይ ትቆማለች። ያንን ቦታ በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት፣ ፎቶም ያንሱ። የፋብሪካው ልክ ያ ነው፤ ከጠፋ የሚመልስልዎ ሰነድ የለም። ከዚያ የቁጥሩን ገጽ በስስ ፕላስቲክ ሸፍነው መርፌዋን በሁለት የሻይ ማንኪያ ግራና ቀኝ እኩል ወደ ላይ ያንሷት። ወደ ጎን ከጎተቷት ዘንጓ ይጣመማል።

ኩባያዋንና ማግኔቱን በአልኮል በተነከረ ጥጥ ያጽዱ፤ የቁጥሩ ገጽ ላይ ግን አልኮል አይድረስ፣ ጽሕፈቱን ያነሳዋል። የማግኔቱ ዘንግ ቦኮላ (ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት) ላይ የሰዓት ዘይት አንድ ጠብታ በቂ ነው። የሚረጭ ዘይት በፍጹም አይግባ።

ለመለካት ትራፓኖ ያስፈልጋል። ከአሮጌ ካቦ 10 ሴንቲሜትር ቆርጠው ትራፓኖው ላይ ያስሩ። መርፌዋ ከዜሮ ወደ ታች ከተገፋች አቅጣጫውን ይቀይሩ። ብዙዎቹ የጃፓን ሞተሮች ቆጣሪዎች በደቂቃ 1400 ዙር ሲደርሳቸው 60 ኪሎሜትር በሰዓት ያሳያሉ። የትራፓኖው ሣጥን ላይ የተጻፈውን ዙር አይመኑ፤ በብርሃን የሚሠራ ዙር መለኪያ ይጠቀሙ። በ700 ዙር 30፣ በ1400 ዙር 60፣ በ2100 ዙር 90 ማለት አለባት።

ስሕተቱ በሦስቱም ቦታ እኩል 8 ከሆነ መርፌዋ ያለቦታዋ ተተክላለች፤ ነቅሎ መትከል ይበቃል። 3፣ 6፣ 9 እያለ ከጨመረ ግን የማግኔቱ ወይም የሞላው ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ መርፌዋን በማዞር «ማስተካከል» አንዱን ቁጥር ልክ አድርጎ ሌሎቹን ሁሉ ማሳሳት ነው።

ለባለሙያ መላክ

የደከመ ማግኔት በቤት አይሞላም። ባለሙያው ማግኔቱን ከሚያስፈልገው በላይ ሞልቶ ከዚያ ልኩ እስኪመጣ ድረስ በተለዋዋጭ ጅረት በጥቂቱ ያደክመዋል። ወደ ታች ብቻ እየቀነሱ መሄድ የተረጋጋ ማግኔት ይሰጣል። ሌላው ለባለሙያ ብቻ የሚሆን ነገር የእንግሊዝ ሞተሮች ላይ እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የነበረው ስሚዝስ ክሮኖሜትሪክ የተባለው ቆጣሪ ነው። እሱ ማግኔት የለውም፤ ውስጡ ሰዓት ነው። መርፌው ደረጃ እየወጣ የሚሄድ ይመስላል፤ ይህ ብልሽት አይደለም። ሲከፍት የፈነጠረ ጥርስ ፈልጎ ማግኘት ለማይችል ሰው አይመከርም።

አዲስ መካኒካል ቆጣሪ

መልኩ ተመሳሳይ የሆነ አዲስ ቆጣሪ መግዛት ቀላል ይመስላል። ገዢዎች የሚሳሳቱት ግን የዙሩን ቁጥር ሳያዩ ሲገዙ ነው። አንዳንዱ ለ1 ኪሎሜትር 1000 ዙር፣ ሌላው 1400 ዙር ይፈልጋል። ቪዲኦ በገጹ ላይ ለ1 ሜትር የሚሆነውን ዙር ይጽፋል፣ ስሚዝስ ደግሞ ለ1 ማይል የሚሆነውን (ለምሳሌ 1600)።

የእርስዎን ሞተር ለማወቅ ካቦውን ከላይ ፈትተው ጫፉ ላይ ወረቀት ይለጥፉ፤ ሰው ተቀምጦበት ጎማውን 10 ጊዜ አዙረው ወረቀቱ ስንት ጊዜ እንደዞረ ይቁጠሩ፣ መሬት ላይ የተጓዘውንም ይለኩ። 18.8 ሜትር ሲጓዝ ካቦው 26 ዙር ከዞረ ለ1 ኪሎሜትር 1383 ይሆናል። የ1400 ቆጣሪ ከመቶ አንድ ያህል ዝቅ አድርጎ ያነብባል፤ ችግር የለውም። የ1000 ቆጣሪ ግን 60ውን 83 ይላል። ሌላው ሁሉ ከገጠመ በካቦው መሐል የሚገባ የማርሽ መቀየሪያ ሣጥን አለ፤ አንድ ተጨማሪ የሚያልቅ ዕቃ ግን ይሆናል።

ያገለገለ ኦሪጅናል ሲገዙ ከስሩ የካቦ ቁራጭ አስገብተው በጣት ፈጠን አድርገው ያዙሩና መርፌዋ ስትነሳ ያቁሙ። ወዲያው ወደ ዜሮ ካልተመለሰች ሞላው ወይም ኩባያዋ ተነክቷል፤ ይተዉት። የትኛውንም ሲቀይሩ የድሮውን ኪሎሜትር ንባብ ከነፎቶው ያስቀምጡ፤ ሞተሩን ሲሸጡ ይጠየቃሉ።

ኤሌክትሮኒክና ጂፒኤስ

ለልክነት ብቻ ከሆነ ምርጫው ይህ ነው። ሞዞ ላይ ማግኔት ተለጥፎ በሴንሰር የሚነበበው ዓይነት የጎማውን ዙሪያ በሚሊሜትር ይጠይቃል። 1880 መሙላት ሲገባዎ 1980 ከሞሉ ከመቶ 5 ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ሰው ተቀምጦበት ይለኩ እንጂ ከጎማው ጎን ከተጻፈው አያስሉ። ጂፒኤሱ ልኬት አይጠይቅም፤ ነገር ግን ሲያፈጥኑ ትንሽ ዘግይቶ ይከተላል፣ ዋሻ ውስጥ ይጠፋል፣ ሰማይ ሳያይ የነዱትን ኪሎሜትርም አይቆጥርም።

አሮጌ ሞተር ላይ የሚያደናቅፈው ኤሌክትሪኩ ነው። አብዛኞቹ ለ12 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት የተሠሩ ሲሆኑ ብዙ አሮጌ ሞተር 6 ቮልት ነው፤ ባትሪ የሌለው ደግሞ ተለዋዋጭ ጅረት ያመነጫል፣ ቮልቱም ከሞተሩ ዙር ጋር ይወጣል ይወርዳል። ያለ ሬጉሌተር (ቮልቱን የሚያረጋጋ ዕቃ) ያገናኙት ቆጣሪ አንድ ጊዜ ነዳጅ ሲሰጡት ይቃጠላል። እንዲህ ላለው ሞተር በክብ ሰዓት ባትሪ የሚሠራ የብስክሌት ቆጣሪ ይበልጣል። ከሞተሩ ሽቦ ምንም አይፈልግም፣ ሴንሰሩን ከማግኔቱ ጥቂት ሚሊሜትር አጠገብ ማሰር ብቻ ነው። ማታ አለመታየቱ ጉድለቱ ነው፤ ዋናው ቆጣሪ ባለሙያ ዘንድ እያለ ግን ያገለግላል፣ ተጠግኖ ሲመለስም ከጎኑ ሆኖ መርፌው እውነት መናገሩን ይመሰክራል።