አውቶማቲኳን ልጠግን፣ ማንዋል ላድርጋት ወይስ ልሽጣት? ለአሮጌ መርሴዲስ ባለቤቶች የቀረበ ንጽጽር

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎ ዳገት በአሮጌ አውቶማቲክ የወጣ ሰው ምን እንደማወራ ያውቃል። ከኮምቦልቻ ስትነሱ ሁሉም ሰላም ነው። ዳገቱ ሲጀምር ከፊታችሁ አንድ ተሳቢ ይገጥማችኋል። በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ይሳባል። መቅደም አይታሰብም፣ ኩርባው አይፈቅድም። የእናንተ ካምቢዮ ደግሞ መወሰን ያቅተዋል። ወደ ሦስተኛ ይወጣል፣ አቅም ሲያጣ ወደ ሁለተኛ ይወርዳል፣ መልሶ ይወጣል። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን ያው እዚያው ናት። ደሴ ገብታችሁ ስትወርዱ ከሥሯ የጋለ ዘይት ይሸታችኋል።

ይሄኔ ነው "ማንዋል ባደርጋትስ?" የሚለው ሐሳብ የሚመጣው። እኔም መጥቶብኛል። የእኔዋ መርሴዲስ 240 ዲ ናት፤ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1976 እስከ 1985 ከተሠራው፣ ዳብልዩ 123 ከሚባለው ቤተሰብ። ናፍጣ ጠጪ፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ አውቶማቲክ። የኋለኞቹ 240 ዲዎች ከፋብሪካ ሲወጡ 72 የፈረስ ጉልበት ነበራቸው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ገደማ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ስለዚህ ደሴ ፒያሳ ስትደርሱ ሩቡ ጉልበት የለም። ሃምሳ ምናምን ፈረስ ቀርቷችኋል። ከዚያም ላይ አውቶማቲኩ በዘይት መንሸራተት የራሱን ድርሻ ይወስዳል።

ማንዋል የሚያጓጓው ለዚህ ነው። ግን ቆዩ።

መጀመሪያ፣ ካምቢዮው በእርግጥ ሞቷል?

የእኔዋ አንድ ክረምት ማርሽ ስትቀይር መምታት ጀመረች። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ስትገባ ከኋላ ሰው የገጫችሁ ይመስላል። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ አንድ ዙር ነዳትና "ካምቢዮው አልቋል፣ ይውረድ" አለኝ። የጠራው ብር ያስደነግጣል። "ከምታወጣ ማንዋል እናድርጋት" ብሎም ጨመረ። ልስማማ ትንሽ ነው የቀረኝ።

እንዳጋጣሚ የናፍጣ መርሴዲስ ሲፈቱ ያረጁ አንድ አባት እዚያ ሻይ ይጠጡ ነበር። ተነሡና ጠየቁኝ።

"ልጄ፣ ቁልፉን ስታጠፋው ሞተሩ ወዲያው ይጠፋልሃል?"

"አይ ጋሼ፣ ሦስት አራት ሴኮንድ ይንተፋተፍና ነው የሚጠፋው።"

"አብሽር። ካምቢዮህ ደኅና ነው። ትንፋሽ አጥሮት ነው።"

ኮፋኖውን አስከፈቱኝ። የእጅ ባትሪ ይዘው ጎንበስ አሉ። ከአውራ ጣት የማይበልጥ፣ የታጠፈ ጥቁር ጎማ ነቅለው አሳዩኝ። ክርኑ ላይ ተሰንጥቋል። ሲጫኑት እንደ አፍ ይከፈታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእነዚህ ናፍጣ ሞተሮች ላይ አየር የሚመጥ ፓምፕ አለ። ሰዉ ቫኪዩም ይለዋል። ቁልፍ ስታጠፉ ሞተሩን የሚያቆመው እሱ ነው። ፍሬኑን የሚያግዘውም እሱ ነው። አውቶማቲኩን "ቀስ ብለህ ቀይር" የሚለውም እሱ ነው። አንድ ቦታ ሲያፈስ የካምቢዮው ግፊት ይጨምርና ማርሹ ይመታል። ሞተሩም በቁልፍ ቶሎ አይጠፋም። ጎማው ከአንድ ምሳ ባነሰ ዋጋ ተቀየረ። መኪናዋ ዛሬም አውቶማቲክ ናት።

ስለዚህ መለያው ይሄ ነው። የሚመታ ከሆነ መጀመሪያ ቫኪዩሙን ፈትሹ። የሚንሸራተት ከሆነ፣ ማለትም ነዳጅ ስትሰጡ ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ የማትከተል ከሆነ፣ ዘይቱን እዩ። ሞተሩ ሞቆ፣ ፓርክ ላይ ሆኖ፣ እየሠራ ነው የሚለካው። ጎድሎ ከሆነ ሙሉትና የሚያፈስበትን ፈልጉ። ዘይቱ ቀይ መሆኑ ቀርቶ ቡኒ ከሆነና ከተቃጠለ፣ በውስጡ ያሉት ሸራዎች አልቀዋል። ምርጫው በእውነት የሚጀምረው ያኔ ነው።

አውቶማቲኩን ማደስ

ከተማ ውስጥ ለሚነዳ፣ ጉልበቱን ለሚያመው፣ መኪናዋን እንደተሠራች ማቆየት ለሚፈልግ ሰው ይሄ ይሻላል። የመርሴዲስ የዚያ ዘመን አውቶማቲክ ጠንካራ ነው። በሚያውቅ እጅ ከታደሰ ረጅም ዕድሜ ይሰጣል።

ችግሩ "በሚያውቅ እጅ" የሚለው ነው። ማንዋል ካምቢዮ የሚፈታ ሰው ደሴም ኮምቦልቻም አታጡም። አውቶማቲክ ሲሆን ግን ብዙዎቹ "እንሞክረው" ነው የሚሉት። አውቶማቲክ ደግሞ መሞከሪያ አይወድም። ንጹሕ ክፍል፣ የግፊት መለኪያ፣ ሙሉ የጎሚኒና የሸራ ስብስብ ይፈልጋል። አንዱን ለውጦ ሌላውን መተው አያዋጣም፣ በዓመቱ ትመለሳላችሁ። አዲስ አበባ ለመላክ ካሰባችሁ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪናዋን ደግሞ ይሄን ያህል ርቀት የኋላ ጎማዎቿ መሬት ነክተው መጎተት አይቻልም፤ ሞተሩ ካልሠራ ካምቢዮው ዘይት አያገኝም። ወይ ጭነት መኪና ላይ ትወጣለች፣ ወይ ካምቢዮው ብቻውን ወርዶ ይላካል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ባትሪ ሲደክም አውቶማቲክ በግፊ አትነሣም። ጠዋት የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ባትሪው "ትክ ትክ" ሲል ይሄ ትንሽ ነገር አይመስልም። ሰፈሩ ሙሉ ቁልቁለት ነው፣ ግን ቁልቁለቱ አይጠቅማችሁም።

በራሷ ዓይነት ማንዋል መለወጥ

ዳገት ለሚበዛበት ሰው እኔ የምመርጠው ይሄንን ነው። ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለኝ። ለመለዋወጫ ሙሉ የምትታረድ ማንዋል መኪና ማግኘት አለባችሁ። ካምቢዮ ብቻ ገዝታችሁ "ቀሪውን እንፈልጋለን" ካላችሁ መኪናዋ ስድስት ወር ድንጋይ ላይ ትቆማለች። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ፍለጋ ስትመላለሱ የምታወጡት የአውቶቡስ ሒሳብ ብቻውን ያማል።

ምክንያቱም የሚለወጠው ካምቢዮው ብቻ አይደለም። ቮላኖ፣ ማለትም ከሞተሩ ኋላ የሚታሰረው ከባድ ክብ ብረት፣ ያስፈልጋል፤ አውቶማቲኩ በቦታው ያለው ስስ ሳህን ነው። የቮላኖው ብሎኖችም ይለያሉ። ፍሪሲዮን ሙሉው፣ ከነኩሽኔታው። በክራንኩ ጫፍ የምትገባ አንዲት ትንሽ ኩሽኔታ አለች፤ እሷን የረሳ ካምቢዮውን መልሶ ያወርዳል። የፍሪሲዮን ፔዳል፣ የላይኛውና የታችኛው ፓምፕ፣ ቱቦው። የማርሽ ዘንጉና በሥሩ ያሉት ዘንጎች። የካምቢዮው መቀመጫ። ፕሮፔለር ሻፍቱ፣ ርዝመቱ ካልገጠመ። ቤት ውስጥ ሰፊው የፍሬን ፔዳል ይወጣና ጠባቡ ይገባል።

ቮላኖው ላይ ላቁም፤ ሰው ብር የሚከስረው እዚህ ነው። በነዚህ ሞተሮች ክራንኩና ከኋላው የሚታሰረው ነገር የሚመጣጠኑት አብረው ነው። የሌላ ሞተር ቮላኖ አምጥቶ እንዲሁ ማሰር አይቻልም። ከወጣው ስስ ሳህን ጋር ወስዳችሁ በዚያው ልክ ባላንስ ማስደረግ አለባችሁ። ይሄን የዘለለ ሰው መኪናው ትሄዳለች፣ ግን መሪውና መቀመጫው ይንቀጠቀጣሉ። "የሞተር እግር ነው" ይሉታል። የሞተር እግር ይቀይራል። አሁንም ይንቀጠቀጣል። ሜካኒኩ ስለ ባላንስ ሳትጠይቁት ራሱ ካነሣ ጥሩ እጅ ላይ ናችሁ። "ምን ባላንስ?" ካላችሁ ቁልፋችሁን ተቀበሉና ውጡ።

ትንንሽ ነገሮችም አሉ። አውቶማቲክ የሚነሣው ፓርክ ወይም ፍሪ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ያ ማብሪያ ሲወጣ ሽቦው ካልተገናኘ መኪናዋ አትነሣም። የኋላ ማርሽ መብራት እንዲሁ። ወደ ራዲያተሩ የሚሄዱት ሁለት የዘይት ቱቦዎች ይወጣሉ። ለካምቢዮው ይሄድ የነበረው ቫኪዩም መደፈን አለበት። ዘይቱ ደግሞ ብዙ ሰው ያስገርማል። የዚህች መኪና ማንዋል ካምቢዮ ራሱ የሚጠጣው የአውቶማቲክ ዘይት ነው። ወፍራም የካምቢዮ ዘይት ሞልተው "ጠዋት ማርሽ አልገባ አለኝ" የሚሉ አሉ።

የምትታረደዋን መኪና ከመታረዷ በፊት ንዷት። ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ መልሱ። ከጮኸች ሁለተኛው አልቋል። ለሐረጎ ደግሞ ሁለተኛ ማለት ሁሉ ነገር ነው። ስትወጡ የምትውሉት በእሱ ነው፣ ስትወርዱም ፍሬናችሁን የሚያሳርፍላችሁ እሱ ነው። አውቶማቲክም ወደ ታች ማርሽ ይወርዳል፣ ግን የማንዋሉን ያህል አይዝም። ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ በዚህ የማንዋል ባለቤቶች ላይ እቀናለሁ።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ የሞተርና የሻንሲ ቁጥር አይነካም። ቢሆንም ሥራው ከመጀመሩ በፊት መንገድ ትራንስፖርት ጠይቁ። ለቦሎ ምርመራ ቆማችሁ ከመከራከር ይሻላል።

የሌላ መኪና ካምቢዮ መግጠም

"የሃይሉክስ ካምቢዮ እንገጥምልሃለን፣ ቶርኖ ቤት ሳህን እናስቆርጣለን" የሚል ይመጣል። ባጭሩ፣ አይሆንም። የሞተሩ መሐልና የካምቢዮው መሐል በፀጉር ያህል ከተዛነፉ ኩሽኔታው ይበላል፣ ጎሚኒው ያፈሳል። ተበይዶ የተሠራ ነገር ሲበላሽ ደግሞ ሁለተኛ ሜካኒክ አይነካላችሁም። በጥንቃቄ የሠሩት ሰዎች አሉ፤ ግን እነሱ የራሳቸው ቶርኖ ያላቸው ናቸው።

ሸጦ ማንዋሏን መግዛት

ይሄን ሰው አይወደውም። መኪናዋ የአባት ናት፣ የሠርግ ናት፣ የሆነ ነገር ናት። ሒሳቡን ግን ሥሩት። የምትታረደዋ መኪና ዋጋ፣ የጉልበት፣ የባላንስ፣ መንገድ ላይ የሚወጣው። ከዚያ ደግሞ የእናንተዋ ብትሸጥ የምታመጣው። ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ ማንዋል ሆና የወጣች ደኅና 240 ዲ መግዛት ያዋጣል። ናፍጣና ቤንዚን የቤት መኪና ማስገባት ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ ስለተከለከለ ፈላጊው እዚሁ አገር ያሉት ላይ ነው። ስለዚህ ገዢ ስትሆኑ አትቸኩሉ፣ ሻጭ ስትሆኑም አትርከሱ።

የምትታረድ ናት ብላችሁ ያገኛችኋት ማንዋል አካሏ ደኅና ከሆነስ? እንግዲያው አትረዷት። እሷን ንዱ።

መኪናው መርሴዲስ ላልሆነ አንባቢ በጥቂቱ፦ አሮጌ ኮሮላ ላይ መለዋወጫው ስለሚበዛ ሥራው ይቀላል። ፔጆ 504 ላይ ካምቢዮውንና ዲፈረንሻሉን የሚያያይዝ ድፍን ቱቦ አለ፤ እሱም ከማንዋሏ አብሮ ካልመጣ አትጀምሩ። ቮልስ ያለ ፍሪሲዮን ፔዳል የመጣችላችሁ ካላችሁ፣ እሷ ብርቅ ናት፣ ተዋት።

የአጎቴ ልጅ ኮምቦልቻ ነው የሚኖረው። በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ሐረጎን ይወጣል። የእሱ ካምቢዮ በእርግጥ ተቃጥሎ ነበር። ሻንሲዋ የበሰበሰ ማንዋል አግኝቶ አረደና ለወጠ። ቮላኖውንም ባላንስ አስደረገ። በተጨረሰች ማግሥት ደሴ ሊያሳየኝ መጣ። በሁለተኛና በሦስተኛ እየተቀያየረ፣ ዘይት ሳይሸተው። በር ላይ አቆመና ደረቱን ነፍቶ ቁልፉን ነቀለ።

ዱግ ዱግ ዱግ ዱግ። ሞተሩ አልጠፋም።

ቁልፉን እያየ፣ እኔን እያየ ቆመ። ኮፋኖውን ከፈትኩ። ሞተሩ ላይ ያለችውን የእጅ ማጥፊያ ተጫንኳት፣ ጸጥ አለ። ለአውቶማቲኩ ይሄድ የነበረው ቀጭን ቱቦ አፉን ከፍቶ ተንጠልጥሏል። ከመሣሪያ ሳጥኔ አንድ ብሎን ፈልጌ ወተፍኩበት። "በል አሁን አስነሣና አጥፋት" አልኩት። አስነሣ። አጠፋ። በቁልፏ ጠፋች።