ዳትሰን 240ዜድ ወይስ 280ዜድ? ከሞተሩ በስተኋላ ያለው ስንት ጉልበት ይችላል?

ዳትሰን ዜድን፣ ማለትም ኒሳን በ1970ዎቹ በዳትሰን ስም የሸጠውን የስፖርት መኪና፣ ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ተርቦ ይገባለታል? ስንት የፈረስ ጉልበት ይወጣዋል? እኔ ደግሞ መልሼ የምጠይቀው፣ ያ ጉልበት ጎማው ጋ እስኪደርስ የሚያልፍባቸው ዕቃዎች የየትኛው ሞዴል እንደሆኑ ነው። 240ዜድና 280ዜድ ከላይ ሲያዩዋቸው መንትያ ይመስላሉ። ከሥር ገብቶ ላያቸው ሰው ግን የተለያዩ መኪኖች ናቸው።

በመጀመሪያ ብዙ ገዢ የሚያሳስተውን ቁጥር እናጥራ። የ1970ው 240ዜድ በ2.4 ሊትር ሞተሩ 151 የፈረስ ጉልበት አለው ተብሎ ተጽፏል፤ የ1975ቱ 280ዜድ በ2.8 ሊትር 149። ትልቁ ሞተር ደክሞ አይደለም። የፊተኛው ቁጥር ሞተሩ ለብቻው፣ ጉልበት የሚበሉት ተጓዳኝ ዕቃዎች ሳይጫኑበት የተለካ ነው። በአሜሪካ ከ1972 ወዲህ የሚጻፈው ደግሞ ሞተሩ መኪና ላይ እንደሚሠራው ሆኖ የተለካው ነው። ስለዚህ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ መፍረድ አይቻልም።

ዕቃ የሚሰብረውም የፈረስ ጉልበት ሳይሆን ቶርክ፣ ማለትም የሚጠመዝዘው ኃይል ነው። እሱም በማርሽ ይባዛል። የ240ዜድ ሞተር ከፍተኛው ቶርክ 198 ኒውተን ሜትር ነው። በኋለኞቹ 240ዜዶች ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ አንደኛ ማርሽ 3.592 ጊዜ ያባዛዋል፣ ዲፈረንሻሉ ደግሞ 3.364 ጊዜ። በመንገድ የሚባክነውን ትተን ስናሰላው ወደ 2,400 ኒውተን ሜትር ይጠጋል፤ ለእያንዳንዱ የጎን ዘንግ 1,200 ገደማ ይደርሰዋል ማለት ነው። ሞተሩ ላይ 100 ኒውተን ሜትር ቢጨመር እያንዳንዱ ዘንግ ላይ 600 ይጨመራል። ጭማሪው ሞተሩ ላይ ትንሽ መስሎ ከኋላ የሚከብደው ለዚህ ነው።

240ዜድ አብሮት የመጣው ዲፈረንሻል አር180 ይባላል፤ ቁጥሩ የኮሮናው፣ ማለትም በዲፈረንሻሉ ውስጥ ያለው ትልቁ ጥርሳም ቀለበት፣ ስፋት በሚሊሜትር ነው። ማኑዋሉ 280ዜድ አር200 ይዞ ወጣ፣ ኮሮናው 200 ሚሊሜትር ነው። ሃያ ሚሊሜትር ሲሰሙት ምንም አይመስልም። ሁለቱን አውርዶ አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ግን ሁለተኛ አይጠይቅም። ኒሳን ራሱም በ1981 ተርቦ የተገጠመለትን 280ዜድኤክስ (የ280ዜድ ተከታይ ሞዴል) በ180 የፈረስ ጉልበት ሲያወጣ ከኋላ ያስቀመጠው አር200ን ነው።

የጎማውን ማቀፊያ የሚያዞረው አጭር ዘንግም ይለያያል፦ በ240ዜድ 25 ጥርስ፣ በ280ዜድ 27 ጥርስና ወፈር ያለ ነው። ዲፈረንሻሉን ብቻ አጠንክሮ ይህንን የሚረሳ ሰው ስብራቱን ወደ ጎማው አስጠጋው እንጂ አላስቀረውም። በሁለቱም መኪኖች የጎን ዘንጎቹ በክሮቼራ፣ ማለትም በመስቀል ቅርጽ መገጣጠሚያ፣ የሚታጠፉ ናቸው፤ ክሮቼራው ካልላላ ከሚጠበቀው በላይ ይችላሉ።

ካምቢዮውን በአጭሩ ልለፈው። አሜሪካ የገባው 240ዜድ ባለ አራት ማርሽ ሲሆን ባለ አምስቱ በ1977 ለ280ዜድ መጣ። አምስተኛው ረጅም መንገድ ላይ ሞተሩን ያሳርፋል እንጂ ጥንካሬ አይጨምርም። ከ1982 ጀምሮ ለተርቦው 280ዜድኤክስ ማኑዋል ሲቀርብ ኒሳን የራሱን ካምቢዮ ትቶ የአሜሪካውን ኩባንያ የቦርግ ዋርነርን ቲ5 ካምቢዮ መውሰዱ ራሱ የሚነግረን ነገር አለ።

እንግዲህ ስንት ይችላሉ? የኔ ገደብ ይህ ነው፦ አር180 ያለበትን 240ዜድ እስከ 200 የፈረስ ጉልበት ያለ ሥጋት እነዳለሁ፤ እስከ 250 ድረስ ደግሞ ፍሪሲዮኑን በድንገት የማይለቅና ተራ ጎማ የሚጠቀም ሰው ይዘልቅበታል። አር200 ያለበት 280ዜድ 300 ላይ ዲፈረንሻሉ አያሳስበኝም፤ እዚያ ላይ ቀድሞ የሚጨነቀው ካምቢዮው ነው። ጎማውን አደራ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። 240ዜድ ከፋብሪካ የወጣበት 175 ስፋት ያለው ቀጭን ጎማ ሲጨነቅ ይሸራተታል፣ መሸራተቱም ዘንጉን ያድነዋል። ሰፊና አስፋልት የሚነክስ ጎማ ሲገጠም ግን ያ ማምለጫ ይዘጋል፤ በዚያው ሞተር፣ በዚያው ጉልበት ዕቃ መሰበር ይጀምራል።

240ዜድ የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን በ1971ና በ1973 አሸንፏል፣ ምን ይሰብረዋል የሚሉ አሉ። ድሉ እውነት ነው፣ እኔም እኮራበታለሁ። ነገር ግን እነዚያ መኪኖች በፋብሪካው ቡድን ለውድድር የተዘጋጁ ነበሩ፤ ለሽያጭ ግቢ ውስጥ ለቆመው ዋስትና አይሆኑም።

ሊገዙ ሲሄዱ ክሪክና የእጅ ባትሪ ይያዙ። መኪናው በድጋፍ ላይ በደንብ ከቆመ በኋላ ከሥሩ ገብተው የጎን ዘንጉን በሁለት እጅ ጨብጠው ወዲያ ወዲህ ያዙሩት። በክሮቼራው ዙሪያ ቀይ ዱቄት የመሰለ ዝገት ካዩ ግራሱ አልቆ ብረት ብረትን እየበላ ነው። ቀጥለው ክሪኩን እንጨት አስደግፈው ከዲፈረንሻሉ አፍንጫ ሥር ቀስ አድርገው ይጫኑ፤ የፊት መያዣው ላስቲክ ከብረቱ ከተላቀቀ ክፍተቱ በዓይን ይታያል። ነዳጅ ሲሰጡ ከኋላ «ጓ» የሚለውን ድምፅ ብዙ ሻጭ ዲፈረንሻሉ ነው ብሎ ዋጋ ይቀንሳል፣ ጥፋቱ ግን አንዳንዴ የዚህች ላስቲክ ብቻ ነው። ይህን ለይቶ ያወቀ ገዢ ጥሩ መኪና በቅናሽ ያገኛል።

ሞተሩን እንዳለ ትቼ፣ ካርቡራቶሩን አስተካክዬ ቅዳሜ ቅዳሜ እነዳለሁ ለሚል ሰው 240ዜድን እመርጥለታለሁ። ከ280ዜድ ከ200 ኪሎ በላይ ስለሚቀል መንገድ ላይ ደስታው ሌላ ነው፣ አር180ም ይበቃዋል። ተርቦ ወይም ትልቅ ሞተር ያሰበ ግን 280ዜድ ይግዛ። ዋጋውም ብዙውን ጊዜ ዝቅ ያለ ነው፣ የሚያስፈልገው ብረትም ከሥሩ ተገጥሞ ይመጣል። አር200ን ወደ 240ዜድ ማዛወር ይቻላል፤ ነገር ግን ከኋላ የሚሸከመው አግዳሚ ብረት፣ የረጅሙ ዘንግ ልክና እነዚያ ባለ 27 ጥርስ ዘንጎች አብረው መምጣት አለባቸው። አውቶማቲክ 280ዜድ ካጋጠመዎት ደግሞ አር200 ነው የሚለውን የሻጩን ቃል ይዘው ገንዘብ አይቁጠሩ፤ ከሥሩ ገብተው ዲፈረንሻሉን በዓይንዎ ይዩት።